ቡናው ሲቆላ ልጁን ጥሩት

ክቡራትና ክቡራን፣ እናቶችና አባቶች፣ ከፊት የተቀመጣችሁ ልጆች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የምንናገረው ስለ ሽታ ነው። አማርኛችን በዚህ በኩል ስስታም አይደለም። ጠረን የሰው ነው፤ ሕፃን ዓይኑ ገና ሳይጠና የእናቱን ጠረን ይለያል። መዓዛ የአበባና የሽቶ ነው። ደስ የሚል ሽታ ቤት ሲሞላ ደግሞ «አወደው» እንላለን። ቡና ያውዳል፣ ንጥር ቅቤ ያውዳል፣ ዕጣን ያውዳል። የምንቆየው በእነዚህ በሦስቱ ላይ ነው። ሦስቱም በሰው አገር ኪራይ ቤት ውስጥ ሊሠሩ ይችላሉ፤ ሦስቱም ደግሞ በትንሽ ስሕተት ይበላሻሉ።

አስቀድሞ ሽታ ትዝታን ለምን እንዲህ አጥብቆ እንደሚይዝ እንይ። ሰው በአፍንጫው ውስጥ ወደ 400 የሚጠጉ ዓይነት የሽታ ተቀባዮች አሉት። የእነዚህን ተቀባዮች የዘረመል ቤተሰብ ያገኙት ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክስል ናቸው፤ ግኝታቸውን በ1991 እ.ኤ.አ. አሳትመው በ2004 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ያየነውና የሰማነው ነገር መጀመሪያ ታላመስ በሚባል የአንጎል ክፍል በኩል ያልፋል። ሽታ ግን እዚያ ሳይቆም ስሜትና ትዝታ ወደሚያዙበት፣ ወደ አሚግዳላና ሂፖካምፐስ አካባቢ ይገባል። የሸተተንን ነገር ስም ሳናስታውስ ሆዳችን የሚባባው ለዚህ ነው።

በጉዳዩ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ አንድ ነገር ደጋግመው አሳይተዋል። ቃል ወይም ፎቶ የሚቀሰቅሰው ትዝታ በአብዛኛው ከአሥራዎቹ ዕድሜ ወዲህ ያለውን ነው። ሽታ የሚቀሰቅሰው ግን ይበልጡን ከ10 ዓመት በፊት የነበረውን ነው። እንግዲህ የ6 ዓመት ልጅ ቤቱ ያለው ወላጅ ዋናው ጊዜ እያለፈበት ነው። ልጁ 40 ዓመት ሲሞላው ድንገት የሚያስቆመው ሽታ ዛሬ ወጥ ቤታችሁ ውስጥ ያለው ወይም የጎደለው ነው። ይህን የምንለው ልናስጨንቃችሁ አይደለም፤ ሥራው ቀላል ስለሆነ ነው።

በቡና እንጀምር። ጥሬ ቡና ቡና ቡና አይሸትም፤ ሣር ሣር ነው የሚለው። ሽታው የሚፈጠረው ምጣዱ ላይ ነው። ለአንድ መካከለኛ ጀበና ወደ 70 ግራም፣ ሁለት እፍኝ ግድም ይበቃል። በቀዝቃዛ ውኃ እያሻችሁ እጠቡት፤ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት። ውኃ ያዘለ ቡና ምጣድ ላይ መጀመሪያ ይቀቀላል እንጂ አይቆላም፤ ሽታውም ይደክማል። እሳቱ መካከለኛ ይሁን፤ እጃችሁ ከማማሰል አይቦዝን። ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይፈጃል።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ሽታው ሦስት ጊዜ ይለወጣል፤ ልጆች መስማት ያለባቸውም ይህን ነው። መጀመሪያ እርጥብ ድርቆሽ ይሸታል። ፍሬው ቢጫ ሲሆን የገብስ ቆሎ ሽታ ይመጣል። ከዚያ መንጣጣት ይጀምራል። ፍሬው ውስጥ የታመቀው እንፋሎት አፈትልኮ ሲወጣ ነው የሚጮኸው፤ ያኔ የፍሬው ሙቀት 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ደርሷል። እኛ ቡና የምንለው ሽታ ወጥቶ የሚሞላውም ከዚህ ወዲያ ነው። መንጣጣቱ ጋብ ሲል አውርዱት፤ ጢሱ ሳይበርድ ምጣዱን ይዛችሁ በሰው ፊት ዙሩ፣ ሰውም በእጁ ወደ ፊቱ ይሳበው። ይህ ደንብ የክብር ብቻ አይደለም፤ ሽታው ከሁሉ የሚበረታው በነዚያ ሁለትና ሦስት ደቂቃዎች ነው። ፍሬው በዘይት እስኪያብረቀርቅና ጢሱ ሰማያዊ እስኪሆን ከቆያችሁ የሚተርፋችሁ የከሰል ሽታ ነው። እሳት ከበዛ ደግሞ ላዩ ያርራል ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ ሲጠጣም ይመራል፣ ይጎመዝዛልም።

ጢሱን ፈርተው የጢስ ማስጠንቀቂያውን ባትሪ የሚያወጡ አሉ። እባካችሁ አታውጡ። መስኮት ክፈቱ፣ ከምድጃው በላይ ያለውን ጢስ መሳቢያ አስነሡ፣ ከ70 ግራም በላይ በአንድ ጊዜ አትቁሉ። ከመንጣጣቱ በኋላ ቶሎ የሚወርድ ቡና ብዙም አይጨስም። የተቆላ ቡና ገዝቶ ማፍላት ጊዜ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ሦስቱን ሽታዎች ከልጁ ይወስዳል። በየቀኑ ባይሆን እንኳ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ እሑድ፣ ቤት ውስጥ ይቆላ። አንድ ሽታ ትዝታ የሚሆነው ከቀንና ከሰው ጋር ሲቆራኝ ነው።

ወደ ቅቤው እንለፍ። አገር ቤት ያለው ለጋ ቅቤ ከረጋ ወተት ስለሚናጥ የራሱ የሆነ ኮምጠጥ ያለ ጠረን አለው። እዚህ የሱቁን ጨው የሌለበት ቅቤ ግዙ። ሽታው ልል ነው፤ ጎዶሎውን የሚሞላው ቅመሙ ነው። ለ1 ኪሎ ቅቤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮሰረት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ በሶብላ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ኮረሪማ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አብሽ፣ ለመልኩ ደግሞ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ እንመክራለን። አብሹን አታብዙ፤ ይመራል።

ቅቤውን በዝግተኛ እሳት አቅልጡት። አረፋው ሲወጣ እየገፈፋችሁ አውጡት። የሱቅ ቅቤ ከመቶው 16 ያህሉ ውኃ ነው፤ የምትሰሙት መንፈቅፈቅ ውኃው ሲወጣ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል፤ ቅቤው ገና እየተንፈቀፈቀ ቅመሙን ሁሉ ይጨምራል። እኛ በዚህ አንስማማም። የኮሰረትና የበሶብላ ሽታ በቀላሉ የሚተን ዘይት ነው፤ ከእንፋሎቱ ጋር ተያይዞ በጢስ መሳቢያው በኩል ይወጣል። በኮሰረት ዘይት ውስጥ ከሁሉ የሚበዛው ሊናሎል ይባላል፤ ላቬንደር በሚባለው አበባም ውስጥ አለ። ላቬንደር ሳሙና ያሸተተ ሐበሻ «የሆነ ነገር ያስታውሰኛል» ቢል አይገርምም።

ስለዚህ ድምፁ እስኪረግብ ጠብቁ፤ እሳቱን ወደ ዝቅተኛው አውርዱ፤ ከዚያ ቅመሙን ጨምራችሁ 15 ደቂቃ አቆዩት። አውርዳችሁ ለ10 ደቂቃ አስቀምጡትና በስስ ጨርቅ አጥልሉት። ከሥር የቀረው ዝቃጭ ከጠቆረ እሳቱ በዝቶበታል፤ ቅቤውም እርር ያለ ሽታ ይይዛል፤ ምንም ቅመም አያስተካክለውም። ዕቃው ፍጹም ደረቅ ይሁን። ውኃ የነካው ንጥር ቅቤ በጥቂት ሳምንት ይሸታል፤ እዚህ ላይ «ይሸታል» የምንለው በክፉው ነው።

ኮረሪማን ዱቄቱን አትግዙ። ከነገለፈቱ ግዙ፤ ስትፈልጉት ብቻ ፍሬውን ፈልፍላችሁ፣ ለአንድ ደቂቃ አመስ አድርጋችሁ ውቀጡት። ገለፈቱ ሽታውን ቆልፎ ይይዛል፤ ዱቄቱ ግን ከወር ከሁለት ወር በኋላ አቧራ ነው።

ዕጣን ደግሞ ከመተማና ከቋራ፣ ከትግራይ ቆላዎች ይመጣል። ሰዎች በበጋው ወራት የዛፉን ቅርፊት እየፋቁ፣ የደማውንና የደረቀውን ሙጫ ይለቅማሉ፤ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ይመላለሳሉ። ብዙ ቦታ አዲስ ችግኝ አድጎ የአሮጌውን ዛፍ ቦታ እየተካ አይደለም። ይህ ያሳስበናል፤ ለዚህም ነው ዕጣን በእፍኝ ሲበተን ስናይ የሚከፋን። የሽምብራ ፍሬ የምታህል አንዲት ቅንጣት ለአንድ ክፍል ትበቃለች። ፍሙ አመድ ሲለብስ ጨምሩት፤ ቀልጦ አረፋ እየሠራ ነጭ ጢስ ይስጥ። በቀይ ፍም ላይ የወደቀ ዕጣን ወዲያው ይነድዳል፤ ጢሱ ይጠቁራል፤ ዓይን ያቃጥላል፤ መዓዛውም የለም።

አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አታንድዱ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ አፍንጫችን ሊያስጠነቅቀን የማይችል ገዳይ ነው። ከዓረብ አገር የሚመጣው የኤሌክትሪክ ዕጣን ማጨሻ ይሻላል፤ ሙቀቱም አይበዛም፣ ዕጣኑም ቀስ ብሎ ይቀልጣል።

ሌሎቹን በአጭሩ እናንሣ። ቄጤማ የሚሸተው በተቆረጠ ዕለት ነው፤ ቅጠል ሲቆረጥ የሚለቀው ነገር ቶሎ ይተንናል፤ ስለዚህ ከዋዜማው አትጎዝጉዙት። የወይራ ጢስ የወተትና የጠላ ዕቃ ማጠኛ ነው፤ ሽታ ብቻ ሳይሆን ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽም ይረዳል። የታጠነው ዕቃ ከሰሉ በደንብ ካልተወለወለ ግን ወተቱ ይመርራል። ጤና አዳም በመስኮት ላይ ማሰሮ ውስጥ ይበቅላል፤ ፀሐይ ይወዳል፣ ውኃ ሲበዛበት ሥሩ ይበሰብሳል። ቅርንጫፉ ስኒ ውስጥ የሚነከረው ቡናው ከተቀዳ በኋላ ነው። ቅጠሉን ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በደንብ ሳትታጠቡ ፀሐይ ላይ አትውጡ፤ ቆዳ ያቃጥላል።

ከአዳራሹ ኋላ ጠረጴዛ ላይ ስድስት ሳህን አስቀምጠናል፤ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ከነገለፈቱ ኮረሪማ፣ አብሽ፣ ነጭ አዝሙድና ዕጣን። ልጆቹ ቀድመው ይምጡ። ቅጠሉን በጣታችሁ እሹት፤ ኮረሪማውን ሰንጥቁት፤ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አጭር አጭር አድርጋችሁ አሽትቱ። ከሦስት ሳህን በኋላ አፍንጫ ይደክማል፤ ያኔ የራሳችሁን እጅጌ አሽትታችሁ ጥቂት አርፋችሁ ወደ አራተኛው እለፉ። ልጁ ስሙን ባያውቅ አትንገሩት፤ መጀመሪያ ምን እንዳስታወሰው ጠይቁት። ምጣዱም ተጥዷል፤ ቡናው ቢጫ ወደ መሆኑ ነው።

እናመሰግናለን።