ቁልፉ ማን ጋር ነው የሚያድረው?

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዶሮው ዛሬም አለ፤ መስኮቱን ዘግቼበታለሁ፣ ግን እንደማይጠቅም እናንተም እኔም እናውቃለን። ባለፈው ክፍል ድምፁ ስላልተሰማ «ታረደ እንዴ?» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ሰዎች ስለ ዋናው ጉዳይ ከጻፉልኝ ይበዛሉ። አልታረደም። ባለቤቱን ታውቋታላችሁ፤ ለፋሲካም የምትጨክን አይመስለኝም።

ለዛሬ ቃል የገባሁላችሁ የጮቄውን ጉዞ ነበር። ይቆየን። ስለ ግቢው ሳላወራ ሌላ ነገር ማውራት አቅቶኛል።

ግቢው ያው ማኅበራችን የተከራየው ነው፤ የጭቃ ግድግዳ ያለው፣ ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ሰው የማያነጋግረው። ከጎዳና ተነሥተው የአእምሮ ሕክምና የጀመሩ ሰዎች ይኖሩበት ብለን ክረምቱን ሙሉ የተጨቃጨቅንበት። እንግዲህ የመጀመሪያው ሰው ገብቷል። ስሙንም የት እንደነበረም አልናገርም፤ እኔ «አያ» እያልኩ ነው የምጠራው፣ እናንተም እንደዚያው ጥሩት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። በሩ ላይ የቆምነው የማኅበሩ ሙሴ፣ ሒሳብ ያዣችን፣ አከራይዋ፣ አያ እና እኔ ነን። ሒሳብ ያዣችንን ታስታውሷቸዋላችሁ፣ ደረሰኝ ካልተቆረጠላቸው ጸበል የማይጠጡት ጋሼ። አከራይዋ አዲስ ጓጉንቸር ገዝታለች፤ ሁለት ቁልፎች በቀጭን ሽቦ ታስረው ይንጠለጠሉበታል። ሙሴው አጠር ያለ ጸሎት አደረሱ፣ ጓጉንቸሩን ከፈቱ፣ «በል እንግዲህ ግባ» አሉት።

አያ አልገባም። አልጋውን አላየም፤ ፍራሹን፣ እኔ ስመርጥ የዋልኩትን ብርድ ልብስ አላየም። የሚያየው ሽቦውን ነው። ከዚያ በጣም ተራ በሆነ ድምፅ፣ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው፣ «ቁልፉ ማን ጋር ነው የሚያድረው?» አለ።

እኔ «አንተ ጋር» አልኩ። ሒሳብ ያዡ «እኛ ጋር» አሉ። እኩል። ተለማምደን የመጣን ይመስል እኩል ነው ከአፋችን የወጣው።

አያ ሳቀ። ያን ሰው ስቆ አይቼው አላውቅም። ረጅም ሳቅ አይደለም፤ በአፍንጫው ጀምሮ ትከሻው ላይ ያለቀ ነው። እኛ አምስቱም... አራታችን ማለቴ ነው፣ አከራይዋን ጨምሮ መሬት መሬት ማየት ጀመርን። ሙሴው «አይዞህ፣ ቁልፉ ሁለት ነው» አሉ፤ ነገሩን ያበረዱ መስሏቸው። እሱም «ሁለት ነው» ብሎ ደገመው። ከዚያ «ሻይ አለ?» አለ። ሻይ ጠጣን። አለቀ።

ለእኔ ግን አላለቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ሳቅ እንደ ዳኛ እየመረመርኩት ነው። የፌዝ ሳቅ ነው? «አውቄ ነበር» የሚል ነው? ወይስ ሁለት የተማሩ ሰዎች በአንድ አፍ ሁለት ነገር ሲናገሩ ማንም እንደሚስቀው ነው የሳቀው? አክስቴ ጥያቄው ራሱ ቅኔ ነው ትላለች። አክስቴን ታውቋታላችሁ፤ «ጨው አቀብዪኝ» ብትሏት እንኳ ወርቁን ትፈልጋለች።

የሚያሳስበኝ ነገር ግን አለ። አያ በራሱ አንደበት ነግሮናል፤ ሕመሙ በጠናበት ዘመን ቤተሰቦቹ ጓዳ ውስጥ ከውጭ ይቆልፉበት ነበር። ክፋት ነው ማለት አልችልም። በዚያን ጊዜ አማኑኤል ሆስፒታል በአገሪቱ ለአሥርተ ዓመታት ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር፤ ከደብረ ማርቆስ ደግሞ ዓባይን ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰው በሌሊት ወደ ገደል ሲሮጥ እናት ምን ታድርግ? ቆለፈች። ስለዚህ ይህ ሰው ቁልፍን የሚያውቀው ከኛ በተቃራኒው በኩል ነው። እኛ ሌባ እንዳይገባ የምንዘጋው ነገር እሱ እንዳይወጣ የተዘጋበት ነው። ወይም እኔ እያጋነንኩ ይሆናል። ምናልባት የጠየቀው ቁልፉ የሚሰቀልበትን ምስማር ነው።

የሒሳብ ያዡን አሳብ ፍትሐዊ ሆኜ ልንገራችሁ፤ ባለፈው አላገጥሽባቸው ብላችሁኛል። እሳቸው የሚሉት፣ መጀመሪያ አረቄውን ይተው፣ የሕመሙን መርፌ በየወሩ ሳያቋርጥ ይወጋ፣ ጥቂት ወራት እንየው፣ ከዚያ ቁልፉን ለብቻው ይያዝ። በዓለም ላይም ለረጅም ጊዜ የተሠራው እንዲሁ ነው፤ ሰውየው ደረጃ በደረጃ እየተፈተነ ይወጣል፣ ቤቱ የመጨረሻው ሽልማት ነው፣ አንድ ቀን ከጠጣ ግን ወደ ታች ይመለሳል። በፈረንጆቹ 1992 ሳም ሴምበሪስ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ኒው ዮርክ ውስጥ ይህን ገለበጠው። መጀመሪያ ቤቱን ስጡት አለ፣ በስሙ፣ ከነቁልፉ። ሕክምናው ይቅረብለት እንጂ መግቢያ ትኬት አይሁን። ከተከራዩ የሚጠበቀው ከገቢው 30 በመቶ ገደማ መክፈልና በየሳምንቱ የሚመጣውን ባለሙያ ማስገባት ነው። ማስገባት! ይህችን ቃል ልብ በሉልኝ፤ በሩን የሚከፍተው እሱ ነው።

ይህን ለስብሰባው አነበብኩላቸው። ካናዳም ይኸው ነገር ከ2009 እስከ 2013 በአምስት ከተሞች፣ ወደ 2,000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ ተሞክሮ እንደነበር ጨመርኩ። ቤት ቀድሞ የተሰጣቸው ሰዎች በቤታቸው የመቆየት ዕድላቸው ከሌሎቹ በብዙ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ሒሳብ ያዡ መነጽራቸውን አወለቁ። «መጠጡስ?» አሉ። እዚያ ላይ ነው ነገሩ። በመጠጡና በሕመሙ ምልክቶች በኩል ልዩነቱ ያን ያህል አልነበረም። «ይኸው!» አሉ። እኔም «ይኸው!» አልኩ። ከአንዲት ወረቀት ሁለታችንም አሸንፈን ወጣን። ቤት ያገኘው ሰው ቤት አገኘ፣ በቃ፤ ቤቱ ሐኪም አልሆነም። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለእሳቸው የማኅበሩ ብር ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን አልተቸገርንም። «ዛሬውኑ አረቄ ይቁም» የሚለውን ያስቆመችልን ነርሷ ናት። ለዓመታት በየቀኑ በብዛት የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚጥል በሽታ ሊነሣበት፣ ሊቃዥ፣ ሊሞትም ይችላል፤ ሐኪም እያየው ነው መቀነስ ያለበት አለች። ሙሴው ደነገጡ። በዳጉሳ አረቄ አገር ተወልደን አድገን ይህን አለማወቃችን እኔንም ይገርመኛል። መተው ብቻ ጽድቅ ይመስለን ነበር።

ስለ መርፌውም አንድ ነገር ልበል፣ ከሐሳቤ ሳይጠፋ። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ የምግብ ፍላጎት ይጨምራሉ። ባዶ ሆዱን ለሚያድር ሰው ረሃብ የሚጨምር መድኃኒት ስጡትና «ለምን አቋረጥክ?» በሉት እስቲ! አዲስ አበባ ውስጥ በጎዳና ላይ በሚያድሩ 217 ሰዎች ላይ ተጠንቶ በ2014 እንደ ፈረንጆቹ የታተመ ጥናት አለ። 41 በመቶው ሳይኮሲስ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ነበረባቸው። ከእነዚያ ሕመምተኞች ሕክምና አግኝተው የሚያውቁት 10 በመቶው ብቻ ናቸው። ያ ሸገር ነው፣ ሆስፒታሉ አጠገብ ያለው። የእኛን እንግዲህ አስቡት።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኑም ያው ነው። በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ የእኛው ደቡብ አቸፈር ነበር፤ ጥሩ ሥራ ነው፣ እናቴም ትጠቀምበታለች። ግን የሚመዘገበው ቤተሰብ ነው። ቤተሰብ የሌለው፣ የቤት ቁጥር የሌለው ሰው የት ይመዝገብ? አያ አሁን አድራሻ ስላለው መታወቂያ እናወጣለታለን ብለን ተነሥተናል። የቀበሌውን ወረፋ ለሌላ ቀን ላቆየው፤ ደሜ ከፍ ይላል።

አጎቴ የቅኔ ተማሪ ሳለ ስለነበረበት ጎጆ ደጋግሞ ያወራል፤ ራሳቸው የሠሯት፣ ጎንበስ ተብሎ የሚገባባት። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይለምናል፣ ውሻ ይነክሰዋል፣ እንጀራ ይሰጠዋል። ጎጃም ስንት ሺህ የሰው ልጅ እንዲህ አድርጎ አስተማረ! ማንም «መጀመሪያ ቅኔውን ዝረፍ፣ ከዚያ ቁራሽ እንሰጥሃለን» አላለም። ይህን ለሒሳብ ያዡ ስነግራቸው ወዲያው መለሱልኝ፦ «ተማሪው እኮ የኔታ አሉት።» አፌን ያዝኩ። እውነት ነው፤ የኔታ አሉት። ሲያጠፋ የሚቆጣው፣ ሲታመም «እገሌ ዛሬ የት ቀረ?» የሚል ሰው አለው። አያስ ማን አለው? እኛ ነን? እኛ በወር አንድ ጊዜ ጠላ ጠጥተን የምንበተን ሰዎች ነን።

እና አዲሱ ጉዳይ። መጀመሪያ ሰሞን አያ በሩን ገርበብ አድርጎ ነበር የሚያድረው፤ ያውም መሬት ላይ፣ አልጋውን ትቶ። አከራይዋ በማርቆስ ብርድ በሩ ተከፍቶ ስታገኘው በድንጋጤ ደወለችልኝ። ስለ ቁልፍ ያን ሁሉ ተጨቃጭቀን ሰውየው በሩን አይዘጋም! ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ሆዴ ተላወሰ፣ ለምን እንደሆነ አሁንም አላውቅም። በዚህ ሳምንት ግን መዝጋት ጀመረ። መዝጋት ብቻ አይደለም፣ ከውስጥ መቀርቀሪያውን ይወረውራል። አከራይዋ ይህንን ለሒሳብ ያዡ ነገረች።

እኔ ደስ አለኝ። ልክ ነው፣ ቤቱ ሆነ ማለት ነው አልኩ። እሳቸው ሌሊቱን አልተኙም። ምክንያቱም ከውስጥ ከተቀረቀረ ያ ሁለተኛው ቁልፍ የብረት ቁራጭ ነው። ያ ሁሉ ክርክር! እሱ ጋር ይደር፣ እኛ ጋር ይደር ስንል መቀርቀሪያዋን ማናችንም አላሰብናትም። አሁን ያመጡት ሐሳብ ትነቀል የሚል ነው። ጠጥቶ ቢወድቅስ፣ ቢጥለውስ፣ እግዜር አያድርገውና የከፋ ነገር ቢያስብስ፣ ማን ይደርስለታል? ይላሉ። መልስ የለኝም። አለኝ እል ነበር፣ ግን ሌሊት ሌሊት እኔም ያችኑ አስባለሁ።

ያቀረብኩት ጠዋት ጠዋት አከራይዋ ቡና ስታፈላ ታንኳኳ ነው። ድምፁን ከሰማች አለቀ። ካልሰማችስ? ተኝቶ ቢሆንስ? ሰው ማናገር ያልፈለገበት ቀን ቢሆንስ? እኔ በሬ ሲንኳኳ ዝም የምልበት ቀን አለ፤ ለእኔ ማንም በር አይሰብርም። እርግጥ እኔ እህት አለኝ፣ ስልክ አለኝ፣ እናንተም አንድ ሳምንት ብጠፋ ትጽፋላችሁ። ስለዚህ አንድ ዓይነት አይደለም። ወይስ ነው? መቀርቀሪያዋ ብትነቀልና ማታ ሲወረውር ቢያጣት ደግሞ ምን ይል ይሆን... ይስቃል?

ብቻ እሑድ ስብሰባ አለ፤ ሙሴው ወዴት እንደሚያጋድሉ እንሰማለን። ኪራዩንም ሳልነግራችሁ። አከራይዋ ከመስከረም ጀምሮ ልትጨምር ነው መሰለኝ። በቀጥታ አላለችም፤ ባየችኝ ቁጥር ግን ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ነው የምታወራኝ።