አምፕ ከመግዛታችሁ በፊት ማዳመጫችሁን እወቁ

ውድ የሙዚቃ ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ ወጥታችሁ፣ ደክሟችሁም ቢሆን ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ሰው ስለ ማዳመጫ አምፕሊፋየር (በአጭሩ አምፕ፣ ወደ ማዳመጫው የሚሄደውን ድምፅ የሚያጎለብት መሣሪያ) ሲያናግረኝ የሚያስቀድመው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። «የትኛውን አምፕ ልግዛ?» ይለኛል። እኔም መልሼ «ማዳመጫህ ምንድን ነው?» እላለሁ። ይህን ሳይጠይቅ አምፕ የሚመክራችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ምክሩን አትቀበሉት። አምፕ የሚመረጠው በማዳመጫው ልክ ነው። ዛሬ ይዤ የመጣሁት ሐሳብ ይኸው ነው።

በብሉቱዝ የምትሰሙ ሰዎች ገንዘባችሁን አታባክኑ። የእናንተ አምፕ እዚያው ማዳመጫው ውስጥ ተገጥሟል። ከውጭ ሌላ ብትገዙ በብሉቱዝ ስትሰሙ የሚጨምርላችሁ ነገር የለም። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ በገመድ የሚሠሩትን ይመለከታል።

የማዳመጫውን ካርቶን ገልበጥ አድርጋችሁ ስታዩ ሁለት ቁጥሮች ታገኛላችሁ። አንዱ በኦም የሚጻፈው ኢምፔዳንስ ነው፤ ማዳመጫው ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየው ተቃውሞ ነው። ሌላው በዴሲቤል የሚጻፈው ሴንሲቲቪቲ ነው፤ ማዳመጫው በተወሰነ ኃይል ምን ያህል እንደሚጮህ ይነግራችኋል። ብዙ ሰው ኦሙን ብቻ አይቶ ይፈርዳል። «300 ኦም ነው፣ ከባድ ነው፤ 32 ኦም ነው፣ ቀላል ነው» ይላል። ይህ አባባል ስንቱን ላላስፈላጊ ወጪ ዳርጎታል። በሁለት ማዳመጫዎች ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው የሴንሃይዘር ኤችዲ 650 ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ፣ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ የሚወደው ማዳመጫ ነው። 300 ኦም ነው። በ1 ቮልት 103 ዴሲቤል ይሰጣል። ሙዚቃ ውስጥ ድንገት ከፍ የሚሉ ቅጽበቶች አሉ፤ ከበሮው ሲመታ፣ ዘፋኙ ድምፁን ሲለቀው። ለእነዚያ ቅጽበቶች እስከ 110 ዴሲቤል አቅም ካለ ከበቂ በላይ ነው። ኤችዲ 650 እዚያ ለመድረስ 2.2 ቮልት አካባቢ ይበቃዋል። በኃይል ሲሰላ 17 ሚሊዋት ገደማ ነው። ይህ በጣም ትንሽ ኃይል ነው።

ሁለተኛው የሃይፋይማን ኤችኢ-6 ነው። ፕላናር ከሚባለው ዓይነት ነው። በስስ ፊልም ላይ የተዘረጋ መስመር በማግኔቶች አጠገብ እየተንቀጠቀጠ ድምፅ ይፈጥራል። 50 ኦም ብቻ ነው። በኦም የሚፈርድ ሰው «ይኼማ ቀላል ነው» ይላል። ግን በ1 ሚሊዋት የሚሰጠው 83.5 ዴሲቤል ነው። 110 ላይ ለመድረስ 450 ሚሊዋት ገደማ ይጠይቃል። ኦሙ ትንሽ የሆነው ማዳመጫ ከኤችዲ 650 27 እጥፍ ያህል ኃይል በላ ማለት ነው።

ስለዚህ ሁለቱን ቁጥሮች አብራችሁ አንብቡ። ኦሙ ከፍ ያለ ማዳመጫ ቮልቴጅ ይፈልጋል። ኦሙ ዝቅ ብሎ ሴንሲቲቪቲውም ደካማ የሆነ ደግሞ ከረንት፣ ማለትም ብዙ የኤሌክትሪክ ፍሰት፣ ይፈልጋል። የአምፑንም መግለጫ ስታዩ «በ32 ኦም ይህን ያህል ዋት» የሚለው ላይ አትቁሙ። ማዳመጫችሁ 300 ኦም ከሆነ በ300 ኦም ስንት እንደሚሰጥ ፈልጉ። ሁለቱ ቁጥሮች በጣም ይራራቃሉ።

«እጥፍ ኃይል አለው» የሚለው ማስታወቂያም አያማልላችሁ። ኃይሉ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሯችሁ ይሰማዋል፣ ግን ብዙ አይደለም። ድምፁ እጥፍ የሆነ እንዲመስላችሁ 10 ዴሲቤል ያህል መጨመር አለበት። ለዚያ ደግሞ አሥር እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል።

እና አምፕ የማያስፈልገው ማን ነው? ብዙ ሰው ነው። የአፕል ትንሿ የዩኤስቢ-ሲ ዶንግል፣ ስልክ ላይ ተሰክታ የማዳመጫ መሰኪያ የምትሆነው፣ 1 ቮልት ገደማ ታወጣለች። እንደ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤም 50 ኤክስ ላለ 38 ኦም ማዳመጫ ይህ ይተርፋል። ለኤችዲ 650 ራሱ ለአብዛኛው ዘመናዊ ዘፈን አያንስም። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ከአውሮፓ የተላከላችሁ ዶንግል ከሆነ ቮልቴጁ በግማሽ ያህል የተገደበ ነው። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይም ስትሰኩት ድምፁ ዝቅ እንዳለ ይቀራል። ከካሴት የተገለበጡ የቆዩ ዘፈኖቻችን ደግሞ ብዙ ጊዜ ድምፃቸው ቀድሞውንም ዝቅ ያለ ነው። እነሱን አዘውትራችሁ የምትሰሙ ከሆነ፣ ድምፁ እስከ ጫፍ ተከፍቶም ካልበቃችሁ፣ ያኔ አምፕ ያስፈልጋችኋል።

አሁን ብዙ ሻጮች ወደማያነሱት ነገር ልግባ። አምፑም የራሱ ኦም አለው። የመውጫ ኢምፔዳንስ ይባላል። ከማዳመጫው ኦም አንድ ስምንተኛ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ለ32 ኦም ማዳመጫ 4 ኦም ወይም ከዚያ በታች ማለት ነው። ደህና የሆኑት የዘመኑ አምፖች ከ1 ኦም በታች ናቸው። የድሮ ስቴሪዮዎች የማዳመጫ መሰኪያ ግን ብዙ ጊዜ ከ100 ኦም በላይ ነው።

ለምን ይህን ያህል ያሳስበናል? የማዳመጫው ኦም በሁሉም ድምፅ ላይ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ነው። ኤችዲ 650 ላይ 300 ተብሎ ይጻፍ እንጂ ቤዙ አካባቢ፣ 100 ኸርዝ ገደማ ሲደርስ፣ ወደ 500 ኦም ይወጣል። መውጫው 120 ኦም በሆነ አምፕ ላይ ስትሰኩት እዚያ ቦታ ላይ ቤዙ 1 ዴሲቤል ያህል ከፍ ይላል። ድምፁ ሞላ፣ ሞቅ ይላል። ሰዎች ስለ ቲዩብ አምፕ፣ በድሮው ዓይነት የመስታወት ቱቦ ስለሚሠራው፣ ሲያወሩ «ሙቀት አለው» የሚሉት አንድ ምክንያቱ ይኸው ነው። ቦትልሄድ ክራክ የሚባለው፣ ገዢው ራሱ በብየዳ የሚገጣጥመው የቲዩብ አምፕ ከሴንሃይዘሮቹ ጋር ስሙ አብሮ የሚነሳው በዚህ ጠባዩ ነው። ቲዩቡ በራሱ የሚጨምረው ትንሽ መዛባትም አለ፤ ለጆሮ የሚጥም ዓይነት ነው። ይህን የሚወድ ሰው ተሳስቷል አልልም። የጣዕም ጉዳይ ነው።

ያንኑ አምፕ ለ32 ኦም ማዳመጫ ብትጠቀሙበት ግን ጉልበት ያጥረዋል፣ ድምፁም ይበላሻል። ጆሮ ውስጥ የሚገቡት፣ በውስጣቸው ብዙ ድራይቨር (ድምፅ የሚፈጥር ክፍል) ያላቸው ማዳመጫዎች ደግሞ ከዚህም ይብሳሉ። ኦማቸው ከቦታ ቦታ ስለሚዋዥቅ ድምፃቸው ጭራሽ ሌላ ይሆናል። በዚያ ላይ እጅግ ሴንሲቲቭ ናቸው። ጉልበተኛ አምፕ ላይ ስትሰኳቸው ሽሽሽ የሚል ድምፅ ከጀርባ ይሰማል። ቮልዩሙን ገና ነካ ስታደርጉት ይጮሃል፣ ግራና ቀኙም እኩል አይሆንም። ለእነሱ ጸጥ ያለ፣ ዝቅተኛ ጌይን ያለው፣ ማለትም ድምፁን ብዙ የማያጎላ፣ ትንሽ አምፕ ነው የሚሻለው። ፕላናሮች በዚህ በኩል ይቀላሉ። ኦማቸው ስለማይዋዥቅ የመውጫው ኦም ድምፃቸውን አይቀይረውም።

ስለ ጣዕም ካነሳን በገና እንስማ። ማዳመጫ ስሞክር መጀመሪያ የምከፍተው በገና ነው። አሥሩ ክሮች ጥልቅ ድምፅ አላቸው። ከሥር የምትገባው ትንሿ የቆዳ ቁራጭ፣ እንዝራዋ፣ ደግሞ ያንን የሚነዝር፣ የሚያንጎራጉር ድምፅ ትጨምርበታለች። ስለዚህ አንድ በገና ብቻ ወፍራሙንም ቀጭኑንም በአንዴ ይፈትናል። በቤየርዳይናሚክ ዲቲ 990 ፕሮ ስትሰሙት ንዝረቱ ስለታም ሆኖ ወደ ፊት ይመጣል፤ የላይኛው ድምፅ ላይ ከፍ ያለ ማዳመጫ ነውና። በኤችዲ 650 ደግሞ ለስለስ ብሎ ከደርዳሪው ድምፅ ጋር ይዋሃዳል። ይህን የሚያህል ልዩነት በሁለት ጥሩ አምፖች መካከል ፈልጋችሁ አታገኙትም። ድምፁ ስለታም ሆኖባችሁ ከሆነ ማዳመጫውን ቀይሩ፣ ወይም ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ከፍና ዝቅ በሚያደርገው ፕሮግራም፣ በኢኮላይዘር፣ አስተካክሉት። ኢኮላይዘር በነጻ ይገኛል።

«እኔ ግን ሁለት አምፕ ሰምቼ ልዩነቱ ገኖ ታይቶኛል» የሚል ይኖራል። ሊሆን ይችላል። ግን ቮልዩማቸው እኩል ነበር? አንዱ በ1 ዴሲቤል እንኳ ቢበልጥ ጆሯችን «ይኼኛው ይሻላል» ይላል። የጮኸው የተሻለ ይመስለናል። ይህን ለማረጋገጥ መርካቶ የምታገኙት ርካሽ መልቲሜትር፣ የኤሌክትሪክ መለኪያው፣ ይበቃል። የ50 ኸርዝ ድምፅ ክፈቱ፣ ማዳመጫው እንደተሰካ በኤሲ ቮልት ለኩ፣ ሁለቱን አምፖች አስተካክሉ። ከዚያ የትኛው እንደሆነ ሳታዩ ሌላ ሰው እየቀያየረ ያሰማችሁ። ይህን ሳታደርጉ ብዙ ገንዘብ አታውጡ።

እ.ኤ.አ. በ2011 ስሙን ያልገለጸ አንድ መሐንዲስ ኦብጀክቲቭ 2 የተባለ አምፕ ንድፉን ለሕዝብ ለቀቀ። ልኬቱ ንጹሕ ነበር፣ ለመሥራትም ውድ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሺት የተባለው ኩባንያ ማግኒ የተባለ አምፕ በ99 ዶላር መጣ። እ.ኤ.አ. በ2018 የጄዲኤስ ላብስ አቶም በዚያው ዋጋ ወጣ። ለአብዛኞቹ ማዳመጫዎች ከዚህ የበለጠ ወጪ አያስፈልግም ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ከአሜሪካ ዘመድ በሻንጣ የሚያመጣላችሁን አምፕ ሳታዩ ሶኬት ላይ አትሰኩ። የኛ መብራት 220 ቮልት ነው፣ የእነሱ 120። ለስልክ ቻርጀር ችግር የለውም፣ ብዙው ሁለቱንም ይችላል። አንዳንድ አምፖች ግን ውስጣቸው ትራንስፎርመር ብቻ ባለበት አዳፕተር ይሠራሉ፤ 220 ላይ ስትሰኩት ወዲያው ይቃጠላል። አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። 120 ብቻ ካለ በኤሌክትሪክ ሠሪ አማካይነት ትክክለኛውን የ220 አዳፕተር አስገዙ። የቀድሞው አዳፕተር መውጫው ኤሲ የሚል ከሆነ፣ ዲሲ በሚል አዳፕተር እንዳትቀይሩት ተጠንቀቁ።

አምፕ ካላችሁ በኋላ ጆሯችሁን ጠብቁልኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት 80 ዴሲቤል ይበቃል ይላል። ወደ 90 ስትወጡ የሚፈቀደው በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ነው። ጉልበተኛ አምፕ ደግሞ ሳታስቡት እዚያ ያደርሳችኋል። ማዳመጫውን ከመሰካታችሁ በፊት ቮልዩሙን ሁልጊዜ ወደ ዜሮ መልሱ።

እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሁለት አምፖች፣ መልቲሜትርና ገመዶች አሉ። የራሳችሁን ማዳመጫ ይዛችሁ የመጣችሁ ቅድሚያ ትሰማላችሁ። ኦሙንና ሴንሲቲቪቲውን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አምጡልኝ፤ ከዚያ አብረን እናሰላለን። አመሰግናለሁ።