«እኔ እያየሁ ልሂድ»

እንዴት ናችሁ... ድምፄ የጎረነነው ጉንፋን ይዞኝ ነው። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ሰሞኑን ጦሳ ጉሙን አውርዶ ከተማው ላይ አስቀምጦታል። ዶሮውም አለ። አዎ፣ ያው ዶሮ። «ዝም አስብዪው» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ፣ ለባለቤቱ እናንተው ንገሩልኝ፤ እኔ ከጎረቤት አልጣላም።

ዛሬ ስለ ክፍል አያያዝ ላወራ ቃል ገብቼ ነበር። አልሆነልኝም። ያ ሐይቅ ከተማ መምህራን ሳሠለጥን የሆነው ነገር... ሦስት ሳምንት አለፈው፣ እንጀራ ስጋግር እንኳ ይመጣብኛል።

ሥልጠናው የተለመደው ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሠላሳ ግድም መምህራን፣ በዓመት መሙላት ካለባቸው 60 ሰዓት የሙያ ማሻሻያ ላይ የሚቆጠር። ግማሹ ለሰዓቱ ነው የመጣው። አልፈርድም፤ እኔም ሳስተምር ለሰዓቱ ነበር የምሄደው። ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ ገፍተን ክብ ሠራን፣ ከዚያ ሜዳ ወጣን። ጨዋታው ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው፤ አንዱ ዓይኑን በጨርቅ ይሸፍናል፣ ሌላው ክንዱን ይዞ ይመራዋል። ስንመለስ እናወራለን፦ ምን ሆነ? ምን ተሰማችሁ? ከክፍላችሁ ጋር ምን ያገናኘዋል? ሰኞ ምን ትሞክራላችሁ? ኮልብ የሚባል አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1984 የጻፈው፣ ከልምድ የመማር ዑደት ነው፤ መጀመሪያ ነገሩን ትኖረዋለህ፣ ዞረህ ታየዋለህ፣ ሐሳብ ታወጣለታለህ፣ ከዚያ ትሞክረዋለህ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብዬ በቡና አላስረዳችሁም፣ ሰልችቷችኋል። ደግሞ አራት ነው፣ ሲኒው አይበቃም።

እና አንድ ጋሼ አሉ። ስም አልጠራም። ጡረታ የደረሱ፣ የኮታቸው የቀኝ ኪስ በጠመኔ የነጣ። አብሯቸው የተመደበው የራሳቸው ተማሪ የነበረ ልጅ ነው፤ አሁን እዚያው ሒሳብ ያስተምራል። ሻርፔን ሰጠኋቸው። ተቀበሉኝና አየት አድርገውት፣ «ግዴለም ልጄ፣ እኔ እያየሁ ልሂድ» አሉኝ።

በቃ። ሁሌ እዚህ ጋ ስደርስ ነው የምቆመው። «እሺ ጋሼ» ማለት እኮ ነው የነበረብኝ። ሁለት ቃል! እኔ ግን ሳቅ ብዬ፣ ጮክ ብዬ፣ «አብሽሩ ጋሼ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ!» አልኩ። ሰዉ ሳቀ። አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ፣ ከዚያ ሁሉም። በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መሃል «አልፈልግም» የሚል የወሎ ሽማግሌ አይታችኋል? ይሉኝታ አለ። ራሳቸው አሰሩት። ልጁ ቀኝ ክንዳቸውን ያዘ። ግራ እጃቸው ወደ ፊት ተዘረጋ፣ ጣቶቹ ተከፍተው፣ አየሩን ሲዳስስ... ልጁ ጠበቅ አድርጎ ይዟቸዋል፣ ግን ያ እጅ አልወረደም። እግራቸውንም አያነሱም፣ ይጎትቱታል። አርባ እርምጃ ቢሆን ነው። እኔስ ምን አደርግ ነበር? ሰዓት አያለሁ። ለሻይ አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀርቶ ነበር።

ክቡ ውስጥ ተራቸው ደረሰ። «ጋሼ፣ ምን ተሰማዎት?» «ጥሩ ነበር።» አለፍኩ። ፍሊፕ ቻርቱ ላይ በአረንጓዴ ማርከር «መተማመን» ብዬ ጻፍኩ። በትልቁ።

ሕጉን ባላውቀው ባልተናደድኩ። እነዚህን የቡድን ጨዋታዎች ያስፋፋው፣ እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው ፕሮጀክት አድቬንቸር የሚባል ድርጅት ትልቁ መርሁ ይሄ ነው፤ ፈተናውን የሚመርጠው ተሳታፊው ራሱ ነው። አልፈልግም ያለ ከቡድኑ አይወጣም፤ ሌላ ድርሻ ይሰጠዋል፣ ይታዘባል፣ ሰዓት ይይዛል። ለሌሎች አሠልጣኞች ይሄን የማስተምረው እኔ ነኝ! ስላይድ አለኝ። ስላይድ ስድስት።

ያ «ጥሩ ነበር» ደግሞ... እኛ ጋ «ሪፍሌክሽን»፣ ያው የሆነውን ዞሮ ማየት፣ ሲባል ቡድኑ የጻፈውን አንዱ ተነስቶ ሲያነብ ነው። በእሳቸው ዕድሜ ላለ ሰው ግን ክብ ምንድን ነው? በደርግ ግለ ሂስ ነበር፣ ከዚያ ግምገማ መጣ። ሰዎች ዙሪያውን ተቀምጠው፣ አንዱ ወረቀት ይዞ፣ ስለ ራስህ ተናገር። እኔም ወረቀት ይዤ ነበር። እየጻፍኩ! ታዲያ «ጥሩ ነበር» ከማለት ሌላ ምን ይበሉ? ለእማዬ ብነግራት፣ «ቡና ላይ ዝም ያለ ሰው ሲኒው ይሞላለታል እንጂ ምን ተሰማህ ይባላል እንዴ?» አለችኝ። እሷ እንደሆነች ቡና ካልገባበት አትናገርም። ከማን እንደወረስኩት አያችሁ?

ቆይ ግን። ይኸው፣ ደግሞ ታሪክ ፈጠርኩላቸው። ዛሬ ግምገማ አልኩ፣ ባለፈው ሳምንት ጦርነቱ ነው ብዬ ነበር። በ2014 እዚህ የከረመ ሰው ዓይኑን ሸፍኖ በሰው እጅ ሲሄድ ምን ይሆናል ብዬ... አለቀስኩ እኮ። ምናልባት ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ምናልባት የልጅ ጨዋታ መሰላቸው። ምናልባት በተማሪያቸው መመራት አልፈለጉም። እኔ ያየሁት ያን እጅ ብቻ ነው፤ ሌላው የኔ ነው።

ከምሳ በኋላ ወደ ሐይቁ ወረድን። እስጢፋኖስ ገዳም ሴት ስለማይገባ እኔ ከዳር ነው የማየው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ ሲያስተምሩ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ተማሪያቸው ነበሩ። መምህርና ተማሪ... አይ፣ አላገናኘውም። ዝም ብዬ ነው። የሐይቅ አሳ ጥብስ ግን፣ ኧረ ያን ቀን የበላነው!

ሻርፑን ሲመልሱልኝ አራት ቦታ አጣጥፈው፣ በመዳፋቸው ደልድለው ነው። «እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ። እሳቸው፣ ለኔ።

ስልካቸው አቴንዳንሱ ላይ አለ። ልደውል ብዬ ሁለት ጊዜ አውጥቼዋለሁ። ምን ልበል? ይቅርታ ብል «ምኑን ልጄ?» ይሉኛል። ከዚያ «ኧረ ምንም አልሆንኩም» እንዲሉኝ እጠብቃለሁ፣ እና ይላሉ፣ ይሉኝታ አለቻ። ያው ጭብጨባው በስልክ ሆነ ማለት ነው። አለመደወሌ ደግሞ... እንጃ፣ ፍርሃትም ይሆናል።

ቅዳሜ ኩታበር ሌላ ቡድን አለኝ። ፕሮግራሙ ላይ ያው ጨዋታ ተጽፏል፤ ልሰርዘው አልኩ፣ ከዛ ደግሞ ጥፋቱ የጨዋታው ነው ወይ እላለሁ። ሻርፑን እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ አልከተትኩም። ወንበሩ ላይ እንደታጠፈ... ኧረ ይሄ ዶሮ! በዚህ ሰዓት ምን ይጮሃል? ቆይ መስኮቱን ልዝጋና...