አጣማጁን ፈልጉለት፦ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ስናርም

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማነሳው የእንግሊዝኛ ሰዋስው ስንማር በተለያየ ምዕራፍ፣ በተለያየ ቀን የሚነገሩንን ሁለት ጉዳዮች ነው። አንዱ ፓራለሊዝም፣ ማለትም በዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚጣመሩ ነገሮች መመጣጠን፤ ሌላው የተውላጠ ስም ስምምነት። በእኔ እምነት ሁለቱም የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ቃል የተጠመደው ከማን ጋር ነው? አጣማጁን ያላገኘ ሰው በጆሮው ያርማል። ጆሯችን ደግሞ የተገራው በአማርኛ ስለሆነ፣ እንግሊዝኛ ላይ ሲደርስ ያሳስተናል።

ብዕርና ወረቀት ካላችሁ አቅርቡ፤ ይህን ጻፉልኝ። «ዘ ማናጀር ቼክድ ዘ ሪፖርት፣ ሳይኒንግ ኢት፣ ኤንድ ሴንት ኢት።» ሦስት ድርጊት አለ። «ቼክድ» ኃላፊ ጊዜ ነው፣ «ሴንት» ኃላፊ ጊዜ ነው፣ መሐል ላይ ያለው «ሳይኒንግ» ግን በአይኤንጂ ያልቃል። ለምን እንዲህ እንጽፋለን? በአማርኛ በሉት እስቲ፦ «ሥራ አስኪያጁ ሪፖርቱን አይቶ፣ ፈርሞ ላከው።» «አይቶ» እና «ፈርሞ» ቦዝ አንቀጾች ናቸው፤ ዓረፍተ ነገሩን የሚያስረው «ላከው» ብቻ ነው። የአማርኛ ግሶች ተሰልፈው ይመጡና የመጨረሻው ይዘጋቸዋል። ደስ የሚል ውበት አለው፤ እንግሊዝኛ ውስጥ ግን በ«ኤንድ» የተያያዙ ግሶች ሁሉ እኩል ቁመት ሊኖራቸው ይገባል። «ሳይኒንግ» የነበረው «ሳይንድ» ሲሆን ነገሩ ይቃናል።

የምትፈልጉት መጀመሪያ መስተጻምሩን ነው፦ «ኤንድ»፣ «ኦር»፣ «በት»። ካገኛችሁት በኋላ ወደ ግራ አትሂዱ። ከእሱ ቀጥሎ በቀኝ ያለውን ቃል እዩ። ግራው የት እንደሚጀምር አይታወቅም፤ አምስት ቃል ወደ ኋላ ሊሆን ይችላል፣ አሥራ አምስትም ሊሆን ይችላል። ቀኙ ግን እዚያው አጠገቡ ነው። የቀኙን ቅርጽ ከያዛችሁ በኋላ እሱን የሚመስል ወደ ግራ ፈልጉ።

ከዚያ ግንዱን ለዩ። ግንድ የምለው ቅርንጫፎቹ ሁሉ የሚበቅሉበትን ቃል ነው። «ሺ ዋንትስ ቱ ሪድ፣ ራይት፣ ኤንድ ስዊሚንግ» ብንል ግንዱ «ዋንትስ ቱ» ነው። እያንዳንዱን ቅርንጫፍ ከግንዱ ጋር ብቻውን አንብቡት። «ዋንትስ ቱ ሪድ» ይሄዳል። «ዋንትስ ቱ ራይት» ይሄዳል። «ዋንትስ ቱ ስዊሚንግ» ይሰበራል። «ቱ» ን በተመለከተ ደግሞ ወይ መጀመሪያ ላይ አንዴ ትገባለች፣ ወይ ለሁሉም ትደገማለች። ከሦስቱ ለሁለቱ ሰጥቶ አንዱን መንፈግ ስህተት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሕጉን የተማረ ሰው አንዳንዴ ያልታመመውን ማከም ይጀምራል። «ሺ ወርክድ ኳይክሊ ኤንድ ዊዝ ኬር» ደህና ዓረፍተ ነገር ነው። አንዱ ተውሳከ ግስ፣ ሌላው መስተዋድዳዊ ሐረግ ቢሆንም ሁለቱም «እንዴት ሠራች?» ለሚለው ይመልሳሉ፤ ሥራቸው አንድ ነው። «ኳይክሊ ኤንድ ኬርፉል» ሲሆን ግን ስህተት ነው፣ ምክንያቱም «ኬርፉል» ቅጽል ስለሆነ ግስን ሊገልጽ አይችልም።

ጥንድ ሆነው የሚመጡት መስተጻምሮች ላይ ችግሩ ብዙ ጊዜ የቦታ ነው። «ሺ ኖት ኦንሊ ስፒክስ ፍሬንች በት ኦልሶ አራቢክ» የሚለውን ውሰዱ። ከ«ኖት ኦንሊ» ቀጥሎ ግስ አለ፣ ከ«በት ኦልሶ» ቀጥሎ ስም። አልተመጣጠኑም። «ሺ ስፒክስ ኖት ኦንሊ ፍሬንች በት ኦልሶ አራቢክ» ሲሆን በሁለቱም በኩል ስም ይቀመጣል። እዚህ ላይ አማርኛ ራሱ ይረዳናል፦ «ፈረንሳይኛ ብቻ ሳይሆን ዐረብኛም ትናገራለች»። «ብቻ ሳይሆን» የተጠጋው ስሙን እንጂ ግሱን አይደለም። በእንግሊዝኛም ስሙን አስጠጉት። «ቦዝ» እና «ኤንድ»፣ «አይዘር» እና «ኦር»፣ «ናይዘር» እና «ኖር» በዚሁ መንገድ ይታረማሉ።

ወደ ተውላጠ ስም እንምጣ። ተውላጠ ስም ከሚተካው ስም ጋር በቁጥር፣ በጾታና በመደብ መስማማት አለበት፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። የሚያስቸግረን አማርኛ ስምምነትን የሚቆጥርበት መንገድ ሌላ መሆኑ ነው። «መምህሩ መጽሐፋቸውን ረሱ» እንላለን። «-አቸው» ለብዙም፣ ለአንድ የተከበረ ሰውም ያገለግላል። ይህ አክብሮት ሳናስበው ወደ እንግሊዝኛ ይሻገርና «ዘ ቲቸር ፎርጎት ዜር ቡክ» ይሆናል። እንግሊዝኛ በተውላጠ ስም አያከብርም። መምህሩ አንድ ከሆኑና ወንድ መሆናቸው ከታወቀ «ሂዝ» ነው፤ አንቱታው እዚያው አማርኛ ውስጥ ይቀራል። «ፀሐይ ወጣች»፣ «መኪናዋ ቆመች» የምንልበት ጾታም እንዲሁ አይሻገርም፤ ሁለቱም «ኢት» ናቸው። «ብዙ ሰው መጣ» ስንል ደግሞ ግሱ ነጠላ ነው፤ የእንግሊዝኛው «ፒፕል» ግን ብዙ ስለሆነ የሚከተለው «ዜይ» ነው።

«ኦፍ» ያለበት ሐረግ ሌላው ወጥመድ ነው። «ኢች ኦፍ ዘ ገርልስ ሎስት ዜር ኪይ።» ዓይን «ገርልስ» ላይ ያርፍና ብዙ ይመስለዋል። ሐረጉን በጣታችሁ ሸፍኑት። የሚቀረው «ኢች» ነው፤ ነጠላ ነው፤ ስለዚህ «ኸር ኪይ»። «ኤቭሪዋን»፣ «ኖባዲ»፣ «አይዘር»፣ «ናይዘር»ም ከነጠላ ወገን ናቸው። ጣታችሁን የምታነሱት «ሰም»፣ «ኤኒ»፣ «ኦል»፣ «ሞስት»፣ «ነን» ሲመጡ ነው፤ የእነሱ ቁጥር የሚወሰነው ከ«ኦፍ» በኋላ ባለው ስም ነው። «ኦል ኦፍ ዘ ሚልክ» ከሆነ «ኢትስ»፣ «ኦል ኦፍ ዘ ቦትልስ» ከሆነ «ዜር»።

«ኤቭሪዋን» ብሎ «ዜር» ማለትስ? በንግግር የኖረ ነው። የዜና ወኪሉ የአሶሼትድ ፕሬስ የአጻጻፍ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2017 በተወሰነ ደረጃ ፈቀደው፤ የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር መመሪያም እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው 7ኛ እትሙ ለአንድ ሰው የሚውለውን ነጠላውን «ዜይ» ተቀብሏል። በድሮው ሕግ የሚያርም አንባቢ ግን አሁንም አለ። ክርክር ውስጥ ላለመግባት ከፈለጋችሁ ተውላጠ ስሙን ሳትነኩ ስሙን ብዙ አድርጉት። «ኦል ስቱደንትስ ብሮት ዜር ቡክስ» ማንንም አያጣላም።

ሁለቱ ጉዳዮች የሚገናኙበትን ቦታ በጣም እወደዋለሁ። «ዘ ስትሪትስ ኦፍ ዘ ኒው ሲቲ አር ዋይደር ዛን ዘ ኦልድ ሲቲ።» ያወዳደርነው መንገድን ከከተማ ጋር ነው። በአማርኛ «የአዲሱ ከተማ መንገዶች ከአሮጌው ይሰፋሉ» ብንል ሰሚው ይገባዋል፤ እንግሊዝኛው ግን መንገድን ከመንገድ ጋር ማጣመድ ይፈልጋል። ይህን ያስተዋለ ሰው ፈጥኖ «ዛን ዛት ኦፍ ዘ ኦልድ ሲቲ» ይላል። ግማሹን አቃና፣ ግማሹን አጎበጠ። «ስትሪትስ» ብዙ ስለሆነ «ዞዝ ኦፍ» ነው። «ዞዝ»ን ለማስገባት የሚያስገድደን ፓራለሊዝም ነው፤ «ዛት» እንዳይሆን የሚከለክለን ደግሞ የተውላጠ ስም ስምምነት።

ለፈተና የምትዘጋጁ ካላችሁ፣ ቶፍል አይቲፒ የሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ደረጃ አንድ ሁለተኛ ክፍል፣ ማለትም የሰዋስው ክፍሉ፣ 40 ጥያቄ በ25 ደቂቃ ነው። ለአንዱ 40 ሰከንድ እንኳ አይደርስም። ከ40ው 25ቱ ከተሰመረባቸው አራት ቦታዎች ስህተቱን የሚያስለዩ ናቸው። ዓረፍተ ነገሩን ደጋግሞ ማንበብ ጊዜ ይበላል። ተውላጠ ስም ከተሰመረበት ወደ ኋላ ሄዳችሁ ስሙን ፈልጉ፤ የተሰመረበት ቃል «ኤንድ» አጠገብ ካለ ግራና ቀኙን አመሳክሩ።

አሁን አንዱን አብረን እንሥራ። «ኢች ኦፍ ዘ ኢንጂነርስ ማስት ቼክ ዜር ድሮዊንግስ፣ ቱ ሳይን ዜም፣ ኤንድ ሴንዲንግ ኢት ቱ ዘ ክላየንት።» «ኤንድ» ን አገኘን፤ በቀኙ «ሴንዲንግ»። ግንዱ «ማስት» ነው። «ማስት ሴንዲንግ» አይሆንም፣ «ሴንድ» ይሁን። «ማስት ቱ ሳይን»ም አይሆንም፣ «ቱ» ትውጣ። «ኢት» የሚተካው ምንድን ነው? «ድሮዊንግስ»፤ ብዙ ነው፤ ስለዚህ «ዜም»። የቀረው «ዜር» ነው፤ ጣታችን ሲሸፍን የሚተርፈው «ኢች» ስለሆነ አይጣጣምም። ስሙን ብዙ እናድርገው። «ኦል ኢንጂነርስ ማስት ቼክ ዜር ድሮዊንግስ፣ ሳይን ዜም፣ ኤንድ ሴንድ ዜም ቱ ዘ ክላየንት።» እዚህ «ማስት» ስላለ ግሱን መንካት አላስፈለገንም። «ማስት» ባይኖርና «ኢች ቼክስ» ቢል ኖሮ፣ «ኢች»ን ወደ «ኦል» በቀየርንበት ቅጽበት ከ«ቼክስ» መጨረሻ ያለችው «ስ»ም አብራ መውጣት ነበረባት።