ከመድኃኒቱ በኋላ የመጣው ቃር

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ ስለ ራሴ ጨጓራ የምናገረው እናቴ በእኔ ላይ የደረሰውን አይታ ለጨጓራ ባክቴሪያ የታዘዘላትን መድኃኒት ቃር ያመጣል ብላ አልወስድም በማለቷ ነው።

ባለፈው ዓመት ደብረ ማርቆስ ውስጥ በሰገራ ምርመራ ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ተገኝቶብኝ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞልን፣ እንዲሁም አሞክሳሲሊን እና ክላሪትሮማይሲን የተባሉትን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ለ14 ቀናት ወሰድሁ። ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ሕመም ጠፋ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ግን እራት በልቼ ጋደም ስል ከደረቴ ተነሥቶ ጉሮሮዬን የሚያቃጥል ቃር ጀመረኝ። ፍኖተ ሰላም ያለችው እናቴ «መድኃኒቱ ጨጓራህን ልጦት ነው፣ ልጄ» አለችና ተልባ ላከችልኝ፤ እኔም አመንኋት።

ጥርጣሬው የእኛ ቤት ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1997 የጀርመን ሐኪሞች፣ ባክቴሪያው በጠፋላቸው የትንሹ አንጀት መነሻ ቁስለት ሕሙማን ላይ የምግብ ቱቦ መቆጣት በዝቶ ማየታቸውን ጽፈው ነበር። ከዚያ በኋላ የተሰበሰቡት ጥናቶች ግን ሕክምናው በጠቅላላው ቃርን ያመጣል የሚለውን አላጸኑትም።

ከሕክምናው በኋላ ቃር በሚጀምረውና በማይጀምረው ሰው መካከል ያለው ልዩነት ባክቴሪያው በጎዳው የጨጓራ ክፍል ላይ ነው። የታችኛውን ጫፍ ብቻ ሲያስቆጣ ጋስትሪን የተባለው ሆርሞን ጨምሮ አሲዱ ይበዛል፣ ሲታከምም ይቀንሳል። አሲድ የሚያመነጨውን ዋናውን ክፍል ለዓመታት ሲጎዳው ግን አሲዱ ይዳከማል፤ ያ ክፍል ከሕክምና በኋላ ሲያገግም አሲዱም ይመለሳል፣ በጨጓራና በምግብ ቱቦ መካከል ያለው መዝጊያ ቀድሞውንም የላላበት ሰው ቃሩ ያን ጊዜ ይገለጥበታል። ኦሜፕራዞልን ለሳምንታት ወስዶ በድንገት ማቆምም ለጊዜው አሲድ ያበዛል። በእኔ በኩል ደግሞ ሕመሙ ሲተወኝ የምግብ ፍላጎቴ ተመልሶ ስድስት ኪሎ ጨምሬ ነበር፤ በጾም ቀን በርበሬ የበዛበትን ሽሮ አምሽቼ እበላና ወዲያው እተኛለሁ። እራቴን ከመተኛቴ ሦስት ሰዓት አስቀድሜ እየበላሁ የአልጋዬን ራስጌ ከፍ ሳደርግ ቃሩ በእጅጉ ቀለለልኝ።

እናቴን የነገርኋት ይህንኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ባክቴሪያውን እ.ኤ.አ. በ1994 ካንሰር አምጪ ብሎ መመደቡንም አልደበቅኋት፤ ቃሩን እንችለዋለን፣ ያንን ግን እፈራላታለሁ። ከትናንት በስቲያ ጀምራለች፤ ማታ ማታ እየደወልሁ መዋጧን እጠይቃታለሁ።