አበባው ረገፈ እንጂ ኦርኪዷ አልሞተችም

እንደምን ዋላችሁ እህቶቼ፣ ወንድሞቼም፣ እናቶቻችንም። የማህበራችን ሰብሳቢ ስለ ቤት ውስጥ አትክልት ትንሽ ተናገሪ ስትለኝ እሺ ያልኩት ለአንድ ነገር ብዬ ነው። ነገ ማዘርስ ደይ ነው፣ ለብዙዎቻችሁ ልጆቻችሁ ኦርኪድ ይዘው ይመጣሉ፣ ሁለት ሦስት ወር ቤቱን አሳምራ ትቆይና አበባዋ ሲረግፍ በቃ ሞተች ብላችሁ ትጥሏታላችሁ። አልሞተችም! እሱን ልናገር ነው የመጣሁት።

እኔ እንደምታውቁት ነርሲንግ ሆም ነው የምሰራው። ሰው ዘመዱን ሊጠይቅ ሲመጣ ኦርኪድ ይዞ ይመጣል፣ አበባው ሲያልቅ ከነማስቀመጫዋ ጋርቤጅ ትገባለች። አንድ ሌሊት ሺፍት ጨርሼ ስወጣ ከቆሻሻው ከረጢት አፍ ሁለት ቅጠል ብቅ ብሎ አየሁ፣ ወፍራም፣ አረንጓዴ፣ ምንም ያልሆነ ቅጠል። አንስቼ ካፖርቴ ውስጥ ሸጉጬ ቤቴ ወሰድኳት። እናቴ ጓሮዋን ጠዋት ማታ ስታጠጣ እያየሁ ስላደግኩ እኔም ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣኋት። በወሯ ቅጠሏ ቢጫ ሆነ፣ አውጥቼ ሥሯን ስነካው እንደበሰበሰ ሽንኩርት ልጣጩ እጄ ላይ ቀረ። ለተክል ይለቀሳል እንዴ ትሉ ይሆናል፣ እኔ ግን አልቅሻለሁ፣ ከቆሻሻ አውጥቼ በገዛ እጄ ገደልኳት።

ከዛ በኋላ ነው መጠየቅና ማንበብ የጀመርኩት። ይቺ ግሮሰሪ የምናገኛት ፋላኖፕሲስ የምትባለው ናት፣ ዘሯ ከነፊሊፒንስና ኢንዶኔዥያ ጫካ ነው፣ አፈር ውስጥ አይደለም የምትኖረው፣ ዛፍ ላይ ተጣብቃ ነው፣ ሥሯን ዝናብ ያርሰዋል ከዛ ነፋስ ያደርቀዋል። ስለዚህ ቀን አትቁጠሩ፣ ሥሯን እዩ። ሲደርቅ ግራጫ ይሆናል፣ ብር ብር ይላል፣ ውሃ ሲነካው ዓይናችሁ እያየ አረንጓዴ ይሆናል። ግራጫ ሲሆን አጠጡ፣ አረንጓዴ ከሆነ ተዉት፣ እኔ ቤት ይሄ በሳምንት አንዴ ነው። ውሃው በደንብ ይውረድ፣ ከስር አይጠራቀም፣ ቅጠሎቹ መሃል የገባውን ደግሞ በሶፍት አድርቁት። እና ቀዳዳ በሌለው ሴራሚክ ውስጥ ሞስ የሚባለውን ውሃ የሚይዝ ነገር ጠቅጥቀው የሚሸጡልን ሰዎች፣ እኔ በግልፅ ልናገር፣ እንድትሞትና ሌላ እንድንገዛ የሚሸጡልን ይመስለኛል! 20 እና 30 ዶላር የምናወጣው ለሁለት ወር ነው እንዴ? በደንብ የተያዘች ኦርኪድ እኮ ብዙ ዓመት ትኖራለች፣ በየዓመቱ ታብባለች!

አሁን ወደ ማበቡ ልምጣ። ሁለተኛዋን ሥሯን እያየሁ አሳደግኳት፣ አዲስ ቅጠል ታወጣለች፣ ሥር ታወጣለች፣ አበባ ግን የለም። ሦስት ዓመት! ቤቴ ደግሞ ክረምት ከበጋ 75 ዲግሪ ፋራናይት ነው፣ እኛ ሀበሾች ብርድ አንችልም። ከዛ አንድ ኦክቶበር ሂተሩ ተበላሸ፣ ደወልኩ፣ ዛሬ ነገ እያሉ አንድ ወር ሙሉ አቆዩኝ። ሌሊት ሌሊት ቤቱ 60 ይገባል፣ ጋቢ ደርቤ እየተኛሁ ስንቴ እንደተማረርኩ። ሂተሩ ከተሰራ በኋላ አንድ እሁድ ጠዋት መስኮቱን ስወለውል ከቅጠሏ ስር አዲስ ነገር ወጥቷል። ሥር መስሎኝ ነበር፣ ግን የሥር ጫፍ ድቡልቡል ነው፣ ይሄ ጠፍጠፍ ያለ ነው፣ አውራ ጣት እንዳለው የሕፃን ጓንት። የአበባዋ ዘንግ ነበር! እስከ ማርች ቀስ እያለ አደገ፣ ዘጠኝ አበባ፣ ነጭ፣ መሃሉ ሐምራዊ።

እህቶቼ፣ ሦስት ዓመት የጎደላት ማዳበሪያ አልነበረም፣ ቀዝቃዛ ሌሊት ነው። ኦክቶበር ሲገባ ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ሌሊቱ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይሁንላት፣ ቀን ሞቅ ቢል ችግር የለውም። ሂተር አጥፉ አልልም፣ ሕፃን ያለበት ቤት አለ፣ የማትተኙበት ክፍል መስኮት አጠገብ አድርጓት፣ ብቻ ቅጠሏ መስታወቱን አይንካ። ስትጥሏት እኮ የምትጥሉት የሚመጣውን ዓመት አበባ ነው!

ሌላውን ቶሎ ልበል፣ ምግቡም እየቀዘቀዘ ነው። ብርሃን፣ የምሥራቅ መስኮት ይበቃታል፣ ቅጠሏ በጣም ከጠቆረ ብርሃን አንሷታል ማለት ነው። ማዳበሪያ በጣም ቀጠን አድርጋችሁ። ሁለት ዓመት ሲሞላት የተተከለችበትን የዛፍ ቅርፊት በአዲስ ቀይሩላት፣ የጓሮ አፈር እንዳታደርጉባት።

አገራችንም ከ150 በላይ የዱር ኦርኪድ ዓይነት አለ፣ ካፋና ሐረና ጫካ ዛፍ ላይ የሚበቅሉ አሉ። አገር ቤት ስትሄዱ እዩ፣ ፎቶ አንሱ፣ ነቅላችሁ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱ፣ ኦርኪድ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም፣ ያውም ከዛፉ ሲነቀል ብዙውን ጊዜ አይተርፍም።

የኔዋ ቡናው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ናት፣ ማስቀመጫዋ ብርሃን ያሳልፋል፣ ሥሯን ቀርባችሁ እዩ። ነገ የሚመጣላችሁ ኦርኪድ አበባው ሲያልቅ ቤት አልበቃኝም የምትል ካለች፣ ስልኬ ማህበሩ ዝርዝር ላይ አለ፣ ቆሻሻ የሚወጣበት ቀን ሳይደርስ ትደውልልኝ፣ በየትኛውም ሰዓት መጥቼ እወስዳታለሁ።