የሁዳዴ ጎመን

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ከጅማ ነኝ። ቆርቆሮው ላይ የምትሰሙት ዝናቡ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ዛሬ ስለ ጎመን ነው የማወራችሁ።

አዲስ ለምታዳምጡ፣ አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድሮም አለብኝ። ሰውነቴ አንቲቦዲ፣ ማለት በሽታ መከላከያ፣ በስህተት እያመረተ የገዛ ደሜን ያረጋል። ሁለት ፅንስ ወርዶብኛል፤ ያኔ ከደም ጋር ያያያዘው ሰው አልነበረም። በሽታው የታወቀው የግራ ባቴ አብጦ እንደ እሳት ሲግል ነው። ምርመራው ከ12 ሳምንት በኋላ ተደገመ፤ ኢንፌክሽንም አንቲቦዲውን ለጊዜው ሊያሳይ ስለሚችል አንዴ መታየቱ አይበቃም። እነዚያን ሳምንታት እንዴት እንዳለፍኳቸው ሌላ ቀን እነግራችኋለሁ።

ዋርፋሪን ነው የምወስደው። ደም ማቅጠኛ ይባል እንጂ ደሙን ውሃ አያደርገውም። ጉበት በቫይታሚን ኬ የሚሠራቸውን የደም ማርጊያዎች ይቀንሳል። ልኩ የሚታየው አይ ኤን አር በሚባለው ምርመራ ነው። መድኃኒት የማይወስድ ሰው 1 አካባቢ ነው፤ የኔ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ከዚያ ሲወርድ መርጋቱ፣ ሲወጣ መድማቱ ያሰጋል።

እንግዲህ ሁዳዴ ገባ። ያከራዩኝ እማማ ከሐሙስ ገበያ ጎመን ገዝተው፣ በነጭ ሽንኩርት ሠርተው፣ ቃሪያ ሰንጥቀውበት፣ እየጨሰ በሰሃን ሙሉ ይልኩልኛል። በየቀኑ። በሦስተኛው ሳምንት ቁጥሬ 1.4 ሆነ።

«ክኒን ዘለሻል?» አለችኝ ዶክተሯ። አልዘለልኩም። ማሸጊያውን አውጥቼ አሳየኋት። ቆጠረችውና ቀና ብላ፣ «ምንድነው የምትበዪው?» አለች።

ጎመን በቫይታሚን ኬ የታወቀ ነው፤ ሲበዛ የዋርፋሪኑን ሥራ ያዳክማል። ክኒኑ ተጨመረልኝ፣ ቁጥሩም ተስተካከለ። ከዚያ ፋሲካ መጣ። ጎመኑ ቀርቶ ዶሮና ሥጋ ሆነ፣ የተጨመረው ክኒን ግን እንዳለ ነው። ጥርሴን ስፋቅ ድዴ እየደማ አልቆም አለ፤ ክንዴ ምንም ሳይነካው በለዘ። ስመረመር 4.3።

እኔማ ደንግጬ «ከእንግዲህ ጎመን በዞርኩበት አይድረስ» ብዬ ነበር። ዶክተሯ ናት የከለከለችኝ፦ «አትተዪው፣ እኩል አድርጊው።» ስለዚህ ረቡዕና አርብ አንድ አንድ ጭልፋ እበላለሁ፤ በሃምሳው ቀን ጭምር፣ ሰው ሁሉ ሲገድፍ።

ሌላው ወገብ ሲያም ከፋርማሲ የሚገዛው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ነው። እባካችሁ፣ ዋርፋሪን የምትወስዱ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አትንኩት፤ ጨጓራ ያደማል። እንደ ዋርፋሪን የቁጥር ክትትል አይፈልግም ስለሚባለው ሌላ ደም ማቅጠኛ፣ ሪቫሮክሳባንም ጠይቃችሁኛል። እንደኔ ይህ በሽታ የሚመረመርባቸው ሦስቱም ዓይነት አንቲቦዲዎች ባሉባቸው ሰዎች ላይ ከዋርፋሪን ጋር ሲወዳደር መርጋት ስለበዛበት የተሞከረበት ጥናት ሳያልቅ ቆሟል። በራሳችሁ እንዳትቀይሩ።

ልጅ እፈልጋለሁ፣ አልደብቃችሁም። ዋርፋሪን ፅንስ ይጎዳል፤ ጊዜው ሲደርስ በሐኪም ክትትል ሄፓሪን ወደሚባል ደም ማቅጠኛ መርፌና ወደ አስፕሪን መዞር አለብኝ። ለሱ ቁጥሬ መጀመሪያ እንዲረጋጋ ነው የምጠብቀው።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ቅድም እማማ በሩን አንኳኩተው ሰሃኑን ሰጡኝና፣ «አንድ ጭልፋ ናት የኔ ልጅ፣ አላሳለፍኩም» አሉኝ።